ወደታች የወጣሁት ተራራ

ጋቢዬን ሻንጣ ውስጥ ስከት ያላሾፈብኝ አልነበረም። ባለቤቴ «የምትሄደው እኮ ምድጃ አፍ ላይ ነው» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ እዚያ አገር ከጥላ የወጣ ሰው የጫማው ሶል አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር፣ ለዚህም የዓይን ምስክር እንዳለው ነገረኝ። አልሰማኋቸውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት፣ አሁንም ጡረታዬን የምበላው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ተወልዶ ያረጀ ሰው ጋቢውን ጥሎ አይሄድም፤ ቢሄድም የሆነ ነገር የረሳ እየመሰለው ከበር ይመለሳል።

ሙስካት የሄድኩት ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ነው። ከአገር ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስድስቱን ሰው ቤት ሠራች፣ ሦስቱን ደግሞ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ። ቪዛውን ያስጨረሰችውም ትኬቱን የቆረጠችውም እሷ ናት። የእኔ መዋጮ ሽሮ፣ በርበሬና ጋቢው ነበር።

አራት ቀን ሙሉ ክፍሏ ውስጥ ኤሲ ሥር ተቀመጥኩ። እሷ ሥራ ትውላለች፤ እኔ በመስኮት የፊት ለፊቱን ነጭ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ሐሙስ ማታ ስትገባ «ጋሼ፣ ለነገ ቱር ይዤልናለሁ» አለችኝ። አርብ የዕረፍት ቀኗ ነው።

«ምን ምን አለው?»

«ምሽግ፣ ገበያ፣ ተራራ። ሁሉንም በአንድ ቀን።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«እኔ?» አለችና ሳቀች። «እኔ የማውቀው የማዳምን ቤት፣ ፀጉር ቤቱንና የአውቶቡሱን መስመር ነው።»

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ላንድክሩዘር በራችን ላይ ቆመ። አስጎብኚው ወርዶ ተቀበለን። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ የለበሰው ነጭ ዲሽዳሻ ገና ከካውያ የወጣ። አንድ ነገር ብቻ አበላሽቶታል፤ ከአንገቱ ሥር የክር ጭራ ተንጠልጥሎበታል። እንግዲህ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት ሰልፍ ላይ የተማሪ ኮሌታ ሳስተካክል ኖሬያለሁና እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ። «ክር ወጥቶብሃል» ብዬ በአማርኛ፣ ያዝ አድርጌ ሳብኩት።

ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ። እህቴ ጆሮዬ ሥር «ጋሼ፣ ተው! የልብሱ ጌጥ ነው!» አለች፣ እንደ እናት በሹክሹክታ እየጮኸች። ፉራኻ ይሉታል። ሽቶ ወይም ዕጣን የሚያስነኩት እሱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ሥር ተንጠልጥሎ እንዲያውድ። ጣቴ እስከ ማታ ቅዳሴ እንደዋለ ሰው ሸተተኝ።

ደግነቱ አስጎብኚው ቂም የሚይዝ አልነበረም። ፊቴን አየት አድርጎ «ጃምቦ! ሀባሪ?» አለኝ። ቤተሰቦቹ የዛንዚባር ኦማናውያን ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማን ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን መንበሩን ወደ ዛንዚባር አዙሮ ነበርና እስከ ዛሬ ስዋሂሊ የሚናገር ኦማናዊ ሞልቷል፤ ይህኛው ደግሞ ስዋሂሊ የማይችል አፍሪካዊ ይኖራል ብሎ የሚያስብ አይመስልም። እኔም ከዚያ ቋንቋ የማውቃትን አንዲት ሐረግ «ሐኩና ማታታ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል በስዋሂሊ አጫወተኝ። አንገቴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩት። ይህ አንገቴን የመነቅነቅ አመል ትንሽ ቆይቶ ምን እንዳመጣብኝ አጫውታችኋለሁ።

መኪናው ውስጥ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ባልና ሚስት፣ ሙስካት የሚሠራ አንድ ህንዳዊ ኢንጂነርና እኛ ነበርን። ጀርመናዊቷ ጨዋታ ለመጀመር እህቴን ኦማን ከመጣች ስንት ቀኗ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዘጠኝ ዓመት» አለቻት እህቴ በእንግሊዝኛ።

«ውይ! እንግዲያማ ሁሉንም ታውቂዋለሽ!»

«ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው።»

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እህቴም አብራት ሳቀች።

ከሙስካት እስከ ኒዝዋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰማኢል በሚባል የተራራ ክፍተት በኩል ያልፋል፤ ጎህ ሲቀድ ግራ ቀኙ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ አንድ ሣር የማይበቅልበት ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ተኙ። እኔ ግን መስታወቱ ላይ ግንባሬን ለጥፌ ቀረሁ። ይህን ድንጋይ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የውቅያኖስ ወለል የነበረ ዓለት ነው፤ መሬት ሲገፋፋ ተነሥቶ የብሱ ላይ ተጭኖ ቀረ። የዓለም ጂኦሎጂስቶች የባሕርን ወለል ሳይጠልቁ በእግራቸው ሊረግጡ ሲፈልጉ የሚመጡት ኦማን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ፈተና ላይ «ከባሕር ወለል በላይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግማሽ ማርክ እቀንስበት ነበር፤ ወለል ከታች ነው፣ ከላይ ያለው ጠለል ነው እያልኩ። እዚህ አገር ደግሞ ወለሉ ራሱ ተነሥቶ ከጠለሉ በላይ ተቀምጧል። የሠላሳ ሁለት ዓመት ግማሽ ማርክ ለማን ይመለሳል?

ኒዝዋ የደረስነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቱሩ አርብ የሆነው ለእህቴ ዕረፍት ተብሎ አይደለም፤ የታወቀው የፍየል ገበያ የሚቆመው አርብ ጠዋት ስለሆነ ነው። አስጎብኚው «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለን። ይህ ሰው ለሁሉም ነገር አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረው።

በግና ፍየል ሲሸጥ ያላየሁ መስሎት መሆን አለበት «የምታዩት በሌላ ቦታ የለም» ሲለን ልቤ ሳቀ። የመንዝ በግ አገር ሰው ነኝ። ግን እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። እኛ ዘንድ በጉ ይቆማል፣ ገዢው ይዞራል። እዚህ ገዢው ተቀምጦ ፍየሉ ይዞራል። ክብ መንገድ አለ፤ ከመሐሉ ጥላ ያለው መደብ፣ ከዳሩ ሌላ የሰው ረድፍ። ሻጮቹ ፍየላቸውን በገመድ እየጎተቱ፣ ግልገል የሆነች እንደሆነ በብብታቸው አቅፈው፣ ዋጋ እየጮሁ በክቡ ይዞራሉ። የፈለገ ገዢ ጠራ ያደርጋቸዋል፣ ጥርስ ያያል፣ ጡት ይነካል፣ የራሱን ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩ ያቺን ዋጋ ይዞ እንደገና ይዞራል። ጉልበቱ ለሚያመው ሸማች ከዚህ የተሻለ የገበያ ሥርዓት አልተፈጠረም። ለከንቲባችን ባሳየሁ ብዬ ተመኘሁ።

ነጭ ጢም ያላቸው አንድ አዛውንት ቡናማ ወጠጤ እየጎተቱ በፊቴ ሲያልፉ አሁንም እጄ ቀደመኝ። ሽንጡን ጨበጥ አደረግኩ። ጥሩ ነው፤ ጠጉሩ ያሳሳታል እንጂ አከርካሪው ግራና ቀኝ ሥጋ ይዟል። በአድናቆት አንገቴን ነቀነቅኩ። አዛውንቱ አንድ ነገር ጮኹና ሄዱ። ዞረው ሲመለሱ ፊቴ ቆም ብለው ሌላ ነገር ተናገሩኝ። ከአረጋዊ ጋር ሲነጋገሩ ጨዋነት ያስፈልጋልና አሁንም ነቀነቅኩ። በሦስተኛው ዙር በዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ነበር። ጨዋ ሰው መስዬ ለመጨረሻ ጊዜ ነቀነቅኩ። አዛውንቱ ገመዱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

ወጠጤው ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አንድ የኦማን ሪያል 2.60 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው። ይህን ወደ ብር ለማምጣት በአእምሮዬ ማባዛት ጀመርኩ፤ ቁጥሩ ከፍየሉ ቀድሞ መሮጡን ሳይ ተውኩት። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ብገዛውስ የት ልወስደው ነው? የእህቴ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ያዳነችኝ እህቴ ናት። ከሰው መሐል እየተሹለከለከች መጥታ በአረብኛ መናገር ጀመረች። የእሷ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከማዳም አፍ የተቀዳ። ስለዚህ በለሆሳስ የሚባል ነገር የለበትም፤ የተበላሸ ዕቃ የምትመልስ የቤት እመቤት ትመስላለች። አዛውንቶቹ መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቀጥለው በሳቅ ወደቁ። ገመዱ ተመለሰልኝ፤ ማለቴ ተመለሰላቸው። ሻጩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የሆነ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«እጁ ፍየል ያውቃል፣ አንገቱ ነው የማያውቅ አሉ።»

ከፍየሉ ገበያ ጎን ያለውን አስጎብኚው «አሁን ደግሞ ወደ ሱቅ!» ብሎ እንደ ትንግርት አስተዋወቀን። ሱቅ! ጀርመኖቹ ቃሉን እየደጋገሙ አጣጣሙት። ለእኔ ሱቅ ማለት ሰፈራችን ጥግ ላይ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥበት ነው፤ ያውም በዱቤ። ይኸኛው ግን ሙሉ ገበያ ነው፤ ቴምር ለብቻው፣ ሸክላ ለብቻው፣ ብር ለብቻው። ከብር ሠሪዎቹ በአንዱ መስታወት ሥር፣ ከታጠፉት የወገብ ጩቤዎች አጠገብ፣ አንድ የማውቃቸው ሴትዮ ተኝተዋል። ጡታቸው ሞላ ያለ፣ ፀጉራቸው የተጠቀለለ፣ በቀኝ በኩል የሚመለከቱ። ማርትሬዛ!

ሻጩ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። ያው 28 ግራም ናት፣ ያው 1780 የሚል ዓመት። ኦስትሪያዊቷ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩን ግን ሰው ስለለመደው ዓመቱን ሳይለውጡ መምታቱን ቀጠሉ። እኛ ጠገራ ብር ያልናት ናት። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር አስመትተው እንኳ ገበያው ሴትዮዋን አለቅም ብሎ አስቸግሯቸዋል። እዚህም እንዲሁ፤ ኦማን እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትገበያይባት ኖራለች። ከቪየና ተነሥተው ኒዝዋም ደብረ ብርሃንም የደረሱ፣ ሞተው እንኳ ሥራ ያልፈቱ ሴት ናቸው።

አስጎብኚው ታሪኩን ለጀርመኖቹ ሲያስረዳ እኔ አያቴን አሰብኩ። ድሪዋ ከእነዚህ ስንቱ ቀልጦ እንደተሠራ እንጃ። ብር ሲሰጧት ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ታዳምጥ ነበር። እኔም ሳላስበው መስታወቱ ላይ ጣል አደረግኳት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። ሻጩ ግን ስለ መስታወቱ ደንግጦ ነጠቀኝ። እስካሁን የሦስት ሰው ንብረት ነክቻለሁ፤ ገና ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ይቅርታውን በቡና አረጋገጥን። ቃህዋ ይሉታል። ከትልቅ ጀበና ትንሽ ፍንጃል ውስጥ የሚቀዳ፣ ሄል የበዛበት፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ቡናው ምጣዱ ላይ ወጥቶ ገና ሳይቆላ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ጾም መሆኔን ለእህቴ ሳስታውሳት «መንገደኛ ነህ ጋሼ» ብላ ፈታችኝ። ከቡናው ጋር የቀረበውን ጣፋጭ፣ ሐለዋውን ግን «ቅቤ አለበት» ብላ ከአፌ መለሰችው፤ ለፋሲካ ይሁን ብዬ አንድ ቆርቆሮ ገዛሁ። ፍንጃሉን ጠጥቼ መለስኩ፤ ሞላልኝ። ቶናው ነው አልኩ። ጠጣሁ፤ ሞላልኝ። በረካውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነውና ጠጣሁ። ሞላልኝ። ከበረካ በኋላ ስም ያለው ቡና አላውቅም። አራተኛ። አምስተኛ። ቀጂው ልጅ እንደ ሐውልት ከፊቴ ቆሟል፤ እኔ ጠጥቼ እስክጨርስ መሄድ አይችልም፣ እኔ ደግሞ እሱ እስኪሄድ መጨረስ አልችልም። በሰባተኛው ላይ ህንዳዊው አዘነልኝና ፍንጃሉን በጣቶቹ ይዞ ግራ ቀኝ ነቅነቅ እያደረገ አሳየኝ። ይኸው ነው። በቃኝ ማለት ነው። የሚነቀነቀው አንገት ሳይሆን ፍንጃሉ ነበር።

ወደ ምሽጉ የገባሁት ልቤ እንደ ከበሮ እየመታ ነው። የኒዝዋ ምሽግ ትልቁ ነገር ክብ ግንቡ ነው፤ አገር የሚያክል ከበሮ መሬት ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ናቸው፤ ሥራው 12 ዓመት እንደፈጀ ይነገራል። እኚህ ኢማም በ1650 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋሎችን ከሙስካት ያባረሩ ናቸው። ይህን ስሰማ እጄን አወጣሁ፤ ተማሪ እንጂ መምህር እጁን አያወጣም፣ ግን አወጣሁ። «የእኛም ንጉሥ ፋሲለደስ በዚያው ዘመን ኢየሱሳውያኑን አባረው ጎንደር ላይ ግንብ ሠሩ!» አልኩ። አስጎብኚው በጣም ደስ አለው። ጀርመኑ «ፖርቱጋሎች ታዲያ ወዴት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለታችንም እኛን አይመለከተንም አልን።

ወደ ግንቡ አናት የሚወስደው ደረጃ ጠባብና ጠምዛዛ ነው። በየመታጠፊያው ወፍራም በር፣ ከየበሩ በላይ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለ። ድሮ ጠላት በሩን ሲሰብር በቀዳዳው የፈላ የቴምር ማር ያፈሱበት ነበር። የቴምሩ ክፍልም አለ፤ ጆንያው ተደርድሮ እርስ በርሱ ሲጫጫን ማሩ ወለሉ ላይ ባለው ቦይ እየተንጠፈጠፈ ይጠራቀማል። ጀርመኖቹ ቀዳዳውን ከታች ወደ ላይ ፎቶ አነሡ። ህንዳዊው ማር ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ማስላት ጀመረ። እኔ ደግሞ ጠላት ላይ የሚደፋ ማር ያለው አገር ስንት ጠጅ እንዳመለጠው አሰብኩ።

እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ ታች ታች ታያለች። ጫማዋን ድንጋዩ ላይ ፈተግ ፈተግ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይኼን ከዚያ በኋላ ማን ያጥበው ነበር?»

«ምኑን?»

«ማሩን ነዋ። ሲቀዘቅዝ እኮ ድንጋይ ይሆናል። በየቀዳዳው ጉንዳን ይመጣል። ደግሞ በፈላ ውኃ ካልሆነ አይለቅም፣ በብሩሽ እንኳ አይለቅም።» ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፤ ደረጃዎቹን የምትቆጥር መሰለኝ። «ይኼ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ለሁለት ሰው።»

ጥያቄውን ለአስጎብኚው ተረጎምኩለት። ስለ ምሽጉ ያልተጠየቀውን ሁሉ ሲመልስ የዋለ ልጅ እዚህ ላይ ዝም አለ። ትንሽ አስቦ «አሥራ አምስት ደቂቃችን አልቋል» አለን።

የጁምዓ ሶላት ሳይደርስ ከኒዝዋ ወጣን። ከተራራው ሥር ያለችው ከተማ ቢርካት አል መውዝ ትባላለች። እህቴ ልትተረጉምልኝ «የሙዝ...» ብላ ጀመረችና ሁለታችንም ሳቅን፤ ኩሬውን እንጂ ሙዙን መተርጎም አያስፈልግም። ከተራራው ሥር ተጠልፎ በቦይ የሚመጣ ውኃ በመንደሩ መሐል ይፈሳል፤ ፈለጅ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ከመዘገባቸው አምስት የኦማን ፈለጆች አንዱ ነው። ውኃው ለየአትክልቱ በሰዓት ይከፋፈላል፤ ሰዓት ሳይኖር ቀን በጥላ፣ ሌሊት በኮከብ ይለኩት ነበር። እኛም ዘንድ የውኃ አባት አለ፤ ግን የእኛ የውኃ አባት ኮከብ ሲለካ ሳይሆን ጠብ ሲገላግል ነው የሚያድር። እዚህም ሳይገላግሉ አልቀሩም።

ከዚያ ፍተሻ ኬላ አለ። በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ካልሆነ ፖሊስ ወደ ላይ አያሳልፍም። አስጎብኚው ወደ እኛ ዞሮ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ጀበል አኽደር፣ አረንጓዴው ተራራ! የልብ ሕመም ያለበት? ግፊት ያለበት? ጆሮ ይደፍናል፣ ማስቲካ አኝኩ፤ ራስ ሊያዞር ይችላል፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ውኃ ጠጡ። ሁላችንም ተንቆራጠጥን። መኪናው እያቃሰተ መዞር ጀመረ። ፍሬን ለሚበጠስበት መኪና ከመንገዱ ዳር ወደ ላይ የሚወጣ የመጠለያ መንገድ አለ፤ በየጊዜው እያሳየ ያስፈራራናል። ጀርመናዊቷ የባሏን ክንድ ጨበጠች።

በመጨረሻ ሜዳ ላይ ወጣንና መኪናው ቆመ። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በመቅደስ እንዳለ ሰው፣ «ሁለት ሺህ ሜትር» አለ።

ወረድኩ። ተነፈስኩ። አምስት ቀን ሙሉ እንደ እርጥብ ጆንያ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ተነሣ። ጆሮዬ ተከፈተ፣ ጉልበቴ ለዘበ፣ የቡናው የልብ ምት እንኳ ጸጥ አለ። ሌሎቹ ግንባራቸውን ይዘዋል። እኔ ግን ስሌት ላይ ነበርኩ። ሁለት ሺህ ሜትር ማለት ወይና ደጋ ነው። ጤፍ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነው። ይህን ተራራ ለማየት ከቤቴ በአውሮፕላን ተነሥቼ፣ ባሕር ጠረፍ ወርጄ፣ ገንዘብ ተከፍሎልኝ፣ ፖሊስ ፈትሾኝ፣ ጨርሼ ስወጣ ከአልጋዬ 840 ሜትር ዝቅ ብዬ ቆሜያለሁ። አስጎብኚው የአገሩ ከፍተኛ ተራራ ጀበል ሸምስ ወደ 3,000 ሜትር እንደሚደርስ በኩራት ሲነግረን፣ አዲስ አበቤዎች ጠዋት ጠዋት ለሩጫ የሚወጡበት እንጦጦ አናቱ 3,200 ገደማ መሆኑን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እህቴ እግሬን ረገጠችኝ።

ለነገሩ ልክ ናት። ቁመት ብቻውን ምን ይሆናል? የእኛ ተራራ አፈር ለብሷል፤ ቤት የሠራህበት፣ ያረስክበት፣ በግ ያሰማራህበት ስለሆነ ተራራ መሆኑን ትረሳዋለህ። ይኸኛው አጥንቱ የወጣ ነው። ገደሉ እንደ ቢላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከገደሉ አፍ ላይ ደግሞ ሰው አፈር ተሸክሞ እያወጣ እርከን ሠርቶ ሮማንና ጽጌረዳ ተክሎበታል። ሚያዝያ የጽጌረዳው ወቅት ነበር። ድንጋዩን ጎንበስ ብዬ ሳየው የባሕር ዛጎል ምልክት አለበት። ሌላ ግማሽ ማርክ።

ከመንደሮቹ በአንዱ የጽጌረዳ ውኃ ሲወጣ አየን። ጥቁር ያለ የጭቃ ምድጃ፤ ላዩ ላይ ማሰሮዎች። ማሰሮው ውስጥ የጽጌረዳ ቅጠል ይሞላል፣ መሐሉ ትንሽ የመዳብ ዕቃ ይቀመጣል፣ አፉ ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳህን ይከደናል። እንፋሎቱ ሲወጣ ቀዝቃዛው ሳህን ሥር ይመታና ጠብ ጠብ እያለ መዳቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ጢስ ጢስ ይላል ሽታው። ጀርመኖቹ በጥሞና አዩት። ህንዳዊው «ዲስቲሌሽን» አለ። እኔ ግን ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እንዴ! ይኼማ አረ...»

እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ረገጠችኝ፤ ይኸኛው ተረከዝ ነበረበት። የዋጥኳት ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች። ቃሉ ራሱ እኮ ከአረብኛ ነው የመጣው፤ ላብ ማለት ነው። ምድጃው አንድ፣ ማሰሮው አንድ፣ እንፋሎቱ አንድ፤ ልዩነቱ እነሱ ጽጌረዳ ሲከቱ እኛ ጌሾ መክተታችን ነው። እኛም አበባ ብንከት ኖሮ ስንት ትዳር በተረፈ።

ምሳው ሩዝ በፍየል ሥጋ ነበር። ጾመኛ ነኝ ስል አስጎብኚው በአክብሮት «እስከ መግሪብ?» ብሎ ሳህኑን ሊያነሣልኝ ነበር። የለም፣ መብላትስ እበላለሁ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ግን ለሃምሳ አምስት ቀን አልነካም አልኩት። ግራ ገባው። ጀርመናዊቷ «አ፣ ቬጋን ናቸው» ብላ በአንድ ቃል ገላገለችኝ። የሁዳዴን ነገር እንዲህ አድርጎ የጨረሰው የለም። ሩዝ በቴምር በላሁ። ጠዋት የዳሰስኩት ወጠጤ እንዳይሆን ብቻ ከሳህኖቹ ዓይኔን አራቅሁ።

የመጨረሻው ቦታ በ1986 እ.ኤ.አ. ልዕልት ዲያና መጥታ የቆመችበት ነው የሚባል የገደል አፍ ነው። ፀሐይ ወደ መውረዱ ነበረች። ከሥራችን የሚነሣው ነፋስ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሡ አንዳች የሚንቀጫቀጭ ነገር ሰማሁ። ዞር ስል የእህቴ ጥርስ ነው። ክንዶቿን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከትታ፣ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«በረደኝ።»

ደነገጥኩ። ይህች ልጅ ኅዳር ላይ ውርጭ ያነጣውን ሣር በባዶ እግሯ ረግጣ ውኃ ትቀዳ የነበረች ናት። እኔ ነበርኩ በር ላይ ቆሜ ጫማሽን አድርጊ እያልኩ የምጮህባት፤ አትሰማኝም ነበር። ደግሞ ይኼ ወይና ደጋ ነው።

«በዚህ?»

«ረስቼዋለሁ መሰለኝ ጋሼ» አለች፣ እየተንቀጠቀጠችም እየሳቀችም። «ጣቶቼ እንዴት ነው የሚያደርጉት? እንዲህ ያቃጥል ነበር?»

ከመኪናው ጋቢዬን አመጣሁ። ከራሷ እስከ ጉልበቷ ጠቀለልኳት። ህንዳዊው በቅናት አየን። ወደ ኋላ ወንበር ገብታ እንደተቀመጠች፣ ገና ኬላውን ሳናልፍ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች። አስጎብኚው በመስታወቱ አያትና ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳበት የዋለውን ድምፅ ማጉያ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠፋ። በስዋሂሊ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሙስካት ስንገባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ዳሽቦርዱ 31 ዲግሪ ይላል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። ደረጃውን ከፊቴ እየወጣች ነው፤ አራት ፎቅ፣ የጋቢው ጥለት በየደረጃው እየተጎተተ፣ እኔ ከኋላዋ ጫፉን አንሥቼ ይዤ።

«አልሞቀሽም?» አልኳት ሦስተኛው ፎቅ ላይ።

«ሞቆኛል» አለች። አላወለቀችውም።